ባለ ሁለት ዘንጓ የአፈር እርጥበት መለኪያ፦ ሁለት ወር ሞክሬያት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ነው የገዛኋት፣ 900 ብር። ሁለት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች አሏት፣ አናቷ ላይ ከ1 እስከ 10 የተቆጠረ ሰሌዳ፣ ባትሪ አትፈልግም። እስከ 3 ቀይ ነው፣ ደረቅ ማለት። ከ4 እስከ 7 አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ሰማያዊ። ሻጩ «መቼ እንደምታጠጣ እሷ ትነግርሃለች» አለኝ። ቤት ይዣት ስገባ እማዬ አገላብጣ አየቻትና «ጣትህ ምን ሆነ?» አለችኝ።

መጀመሪያ የሞከርኳት አፈር ላይ አልነበረም። የዝናብ ውሃ በኩባያ ያዝኩና ዘንጎቹን ነከርኳቸው። መርፌዋ 2 ላይ ቆመች። ውሃ ውስጥ ቆማ «ደረቅ ነው» ትላለች! ቁንጥር ጨው ስጨምርበት ደግሞ ተስፈንጥራ 10 ገባች። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የምትለካው ውሃውን ሳይሆን በሁለቱ የተለያዩ ብረቶች መካከል የምትፈጠረውን ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው፣ እሷ ደግሞ ውሃው ውስጥ በሟሟው ጨው መጠን ትጨምራለች ትቀንሳለች። እማዬ የምድጃ አመድ ጌሾው ሥር ትደፋለች፣ እዚያ መርፌዋ ከ8 ወርዳ አታውቅም፣ አፈሩን በእጄ ስጨብጠው ግን እርጥበቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ማዳበሪያ ወይም አመድ ያለበት ቦታ ላይ አትመኗት።

ታዲያ ለምን አልጣልኳትም? አንድን ቦታ ከራሱ ጋር፣ ዛሬን ከትናንት ጋር ስታወዳድሩባት ትሠራለች። የበልጉ ዝናብ ጣል ጣል በሚልበት በሚያዝያና በግንቦት ጓሮዬን አራት ቦታ ከፍዬ ጠዋት ጠዋት ስወጋ ነበር፦ ባዶ መሬት፣ ገለባ የለበሰ መደብ፣ ጎመን የሞላበት መደብ፣ አጥሩ ሥር ያለው ሣር። ጎረቤቶቼ አበደ ብለዋል መሰለኝ።

ባዶው መሬት ዝናብ በጣለ ማግስት 8 ይላል፣ በሦስተኛው ቀን ላይ ላዩ ቀይ ውስጥ ይገባል። ገለባ የለበሰው ሳምንት ሊሞላው ሲል እንኳ 6 ላይ ነበር። ይህን ማንም ገበሬ ያውቀዋል፣ አዲስ ነገር አይደለም። እኔን የገረመኝ ጠለቅ አድርጌ ስወጋ ነው። ባዶው መሬት ላዩ እንደ ቆሎ ደርቆ ወደ ታች 20 ሴንቲ ላይ ግን እርጥብ ነው፣ የደረቀው ንብርብር ራሱ እንደ ክዳን ሆኖ የታችኛውን ውሃ ይይዘዋል። ጎመኑ ያለበት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፦ ላዩ ጥላ ስላለው ቶሎ አይደርቅም፣ ውስጡ ግን ከባዶው ቀድሞ ይደርቃል። ለካ ጎመኑ ፓምፕ ነው! ተክል በሥሩ ከሚስበው ውሃ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በቅጠሉ ተኖ ነው የሚሄደው፣ አካሉ ውስጥ የሚያስቀረው ጥቂቱን ነው።

ታዲያ ተክል ውሃ ጨራሽ ነው ብዬ ልደመድም ስል አንድ ቀን ከሰዓት ከባድ ዝናብ ጣለ። ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጥቼ ወጋሁ። ባዶው ቦታ ላዩ ጭቃ ሆኖ 15 ሴንቲ ወረድ ሲል 3 ይላል፣ ሣሩ ሥር ግን ዘንጉ እስከሚደርስበት ድረስ ርሷል። የዝናብ ጠብታ እርቃኑን ያለ አፈር ሲመታ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ውሃው መግቢያ ሲያጣ ቁልቁል ይሄዳል። የት እንደሚሄድማ የጦሳ ተራራን ግርጌ የሚያውቅ ደሴዬ አይጠይቀኝም። ሣሩ ጋ ሥሩና ትሉ የሠሩት ቀዳዳ አለ፣ ቅጠሉም ጠብታውን ያበርደዋል። ያው የሚጠጣው ተክል ነው በሩን የሚከፍተው።

የጎረቤቴ ባህር ዛፍ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ቀለል ያለ ዝናብ ሲሆን ከሥሩ ያለው አፈር ጭራሽ አይነካም። ከፊሉ ቅጠል ላይ ቀርቶ ይተናል፣ የወረደውም የደረቀው ቅጠል ምንጣፍ ላይ እየተንከባለለ ያልፋል። ሥሩ ደግሞ ወደ ታች ርቆ ስለሚሄድ የእኔ 20 ሴንቲ ዘንግ ታች ያለውን ጉድ አታይም። ለጋሼ ጎረቤቴ በጨዋ ደንብ ሳነሳላቸው «ልጄ፣ ባህር ዛፉ አይደለም፣ ጎመንህ ነው የሰነፈው» አሉኝ። ምን ይባላል፣ አጠናውም ማገዶውም ከእሳቸው ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ፣ ሰሌዳው ላይ ያሉት ቀለሞች ውሸት ናቸው። ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ይዣት ወረድኩ። የእሷ ጓሮ ዋልካ ነው፣ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ዓይነት። መርፌዋ 5፣ አረንጓዴ። ቃሪያው ግን አንገቱን ደፍቷል። እኔ ጋ 5 ማለት ጎመኑ ፏ ያለበት ቀን ነው! ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ዋልካ ውሃ በብዛት ይይዛል ግን ይቆነጥጠዋል፣ አይለቅም። አሸዋ ያመዘነበት አፈር ከይዘቱ 10 በመቶ ውሃ ብቻ ኖሮት ተክል ሲጠጣበት፣ ዋልካ ላይ በ20 በመቶም ተክል ሊጠወልግ ይችላል። ይህን የሚለይ ሰሌዳ የለም።

እህቴ ቀትር ላይ የጠወለገ ሁሉ የተጠማ መስሏት ባልዲ ታነሳለች። ኮምቦልቻ ቆላ ስለሚቀርበው ፀሐዩ ሲበረታ ቅጠሉ የሚያተነውን ሥሩ በዚያው ፍጥነት አይተካም፣ አፈሩ እርጥብ ቢሆንም። ማታ ከቀና ደህና ነው። ጠዋት ጠውልጎ ካገኛችሁት ያኔ እውነትም ተጠምቷል። ይህን መለኪያዋ ሳትሆን ዓይናችሁ ነው የሚነግራችሁ።

ሌላው ችግሯ ጥንካሬ ነው። የደሴ መሬት ድንጋዩ አያልቅም፣ በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ዘንግ ጎበጠ። ሱቁ «አንዴ የወጣ ዕቃ አንቀበልም» አለኝ፣ ያውም ሳያየው። ደግሞ አፈር ውስጥ ተክላችሁ አትተዋት፣ ብረቱ ይበላል። ወግታችሁ፣ አንብባችሁ፣ ጠርጋችሁ አስቀምጧት።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻታለሁ። በረንዳ ላይ በቆርቆሮና በባልዲ ለምትተክሉ ጥሩ ናት፣ አፈሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ። ለሰፊ ጓሮ 900 ብር አታወጣም፣ 300 ቢሉኝ እሺ።

እኔ ኮምቦልቻ ትቼያት መጣሁ። ቃሪያው የደፋበትን ቁጥር ለአራት ቀን መዘገብን፣ ከዚያ ሰሌዳው ላይ 6 ጋ በእስክሪብቶ ቀይ መስመር አሰመርኩላት። «ከዚህ ስትወርድ አጠጪ፣ አረንጓዴውን አትዪው» አልኳት።