ፍሪፕሌን ከስምንት ወር በኋላ፦ የታሪክ ማስታወሻዬን በካርታ

ደብረ ብርሃን ታሪክ አስተምራለሁ። ማስታወሻዬ ግማሹ ደብተር ላይ፣ ግማሹ ወርድ ላይ፣ የቀረው ስልኬ ውስጥ በፎቶ ነበር። ተማሪ «ልቼ ላይ ምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልሱን እንደጻፍኩት አውቃለሁ፤ የት እንደጻፍኩት ግን ይጠፋኛል። ጥቅምት ላይ ፍሪፕሌን የሚባለውን የሐሳብ ካርታ (ርዕሱን መሃል አድርጎ ሐሳቦችን በቅርንጫፍ የሚያሳይ ሥዕል) መሥሪያ ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። ስምንት ወር ሠርቼበታለሁ፣ ወድጄዋለሁ።

ነጻ ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ከሱ በፊት የሞከርኩት ሌላ መተግበሪያ ጥቂት ካርታ ካሠራኝ በኋላ ካልከፈልክ ብሎ ቆልፎብኝ ስለነበር ይሄ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም። ለመልመድ አንድ ምሽት በቂ ነው። መሃል ላይ ርዕሱን ትጽፋላችሁ፣ ታብ ስትጫኑ «ልጅ»፣ ማለትም ከሥሩ የሚወጣ ቅርንጫፍ ይወጣል፣ ኢንተር ስትጫኑ «ወንድም»፣ ማለትም ከጎኑ እኩል የሚቆም ቅርንጫፍ ይጨመራል፤ ለጊዜው የማትፈልጉትን ቅርንጫፍ አጥፋችሁ ታስቀምጣላችሁ።

መሃሉ ላይ «ሰሜን ሸዋ» ብዬ ጀመርኩ። መንዝ ሥር ማማ፣ ላሎና ጌራ ገቡ። አንኮበር ሥር ሣህለ ሥላሴና እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የሃሪስ የእንግሊዝ ልዑክ፣ ደብረ ብርሃን ሥር ዘርዐ ያዕቆብ። በሁለተኛው ወር ግን ተቸገርኩ። ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ የገበረበት የ1878ቱ (እ.ኤ.አ.) የልቼ ስምምነት የት ይግባ? ምኒልክ ሥር ሳስገባው ከአፄ ዮሐንስ ይጎድላል፣ ወዲያ ስወስደው ከዚህ ይጎድላል። ካርታው ለአንድ ቅርንጫፍ አንድ አባት ብቻ ነው የሚሰጠው። የመንዝ ሰው እኮ ድሮ ርስቱን ሲጠይቅ በአባቱም በእናቱም በኩል ቆጥሮ ነው አቅኚ አባቱ ጋ የሚደርሰው! ታሪክም እንደዚያው ነው፣ በአንድ መስመር ብቻ አይወርድም። መፍትሔው ማገናኛ ቀስቱ ሆነ፤ ሁለት የተራራቁ ቅርንጫፎችን ያያይዛል፣ መስመሩ ላይም ይጻፍበታል። ከምኒልክ ወደ ዮሐንስ ስቤ «ገበረ» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ በኋላ ነው ካርታው በትክክል የገባኝ።

አንድ ምክር፦ ቅርንጫፉ ላይ አንቀጽ አትጻፉ። እኔ ጽፌ ስክሪኑ ሞልቶብኝ ሁለት ቅዳሜ ሳጸዳ ዋልኩ። ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል፤ ዝርዝሩ ለብቻው ባለው የማስታወሻ ቦታ ይግባ፣ ፎቶውን ደግሞ በሊንክ አያይዙት። ፎቶውን በኋላ ወደ ሌላ ፎልደር ካዛወራችሁት ግን ሊንኩ ይበጠሳል፣ ስለዚህ መጀመሪያውኑ አንድ ቦታ ሰብስቡት።

የራሱ የስልክ መተግበሪያ የለውም፤ ሥራችሁ ሁሉ በስልክ ከሆነ አይመቻችሁም። ክፍል ስገባ በፒዲኤፍ አውጥቼ፣ በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ተማሪዬ ተነስታ ከአንጎለላ ወደ ምኒልክ በእርሳስ ቀስት ሳበችና «ተወለደ» ብላ ጻፈችበት። ማታ ቤት ገብቼ ላፕቶፑ ላይ ጨመርኩት።