አዲስ አበባ በእማዬ ጉልበት ሲለካ

የደሴ ልጅ ነኝ። ሲያትል መኖር ከጀመርኩ አስራ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አዲስ አበባን ግን አላውቀውም። ዲቪ ሲደርሰኝ ለኢንተርቪው መጥቼ አንድ ሳምንት ከአክስቴ ቤት ኤምባሲ፣ ከኤምባሲ ለምርመራ ክሊኒክ ስመላለስ ከረምኩ፤ ከዚያ ቦሌ፣ ከቦሌ በቃ ሄድኩ። ሰው ግን አይሰማም። "ሀገርሽ አይደል እንዴ፣ ምን አስጎብኚ ያስፈልግሻል?" ይላል። ሀገሬማ ነው። ፒያሳ በየት በኩል እንደሆነ ግን አላውቅም!

ዘንድሮ እማዬን ከደሴ አስመጣሁና አራት ቀን አብረን ልናይ ወሰንን። ሰባ ዓመት አልፏታል፣ አዲስ አበባን ረግጣ አታውቅም፣ ጉልበቷንም ያማታል። ስለዚህ ሌላው ሰው ሆቴልና ክትፎ ሲያወዳድር እኔ ያወዳደርኩት ደረጃ፣ ወንበር፣ ሽንት ቤት፣ ሶላት መስገጃ ቦታ እና ሰዎች ለአሮጊት እንዴት እንደሚመልሱ ነው።

ከአውሮፕላኑ ልጀምር። ከደሴ ኮምቦልቻ በመኪና ወርዳ ነው የተሳፈረችው፣ በረራው አጭር ነው። ትኬቱን ስቆርጥ ዊልቸር ትፈልጋለች ብዬ አስመዝግቤ ነበር። ቦሌ ስትደርስ አንድ ወጣት እየገፋ አወጣትና ዕቃዋን ከነፌስታሏ መኪና ውስጥ አስገባልን። እማዬ ሀፍረት ብጤ ይዟት "በእግሬ መሄድ አቅቶኝ መስሏችሁ ነው?" ትላለች፣ ግን አልተነሳችም። ሽማግሌ ወላጅ የምታስመጡ ሰዎች፣ ዊልቸሩን ትኬት ስትቆርጡ ነው የምትጠይቁት፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ ብትጀምሩት ትቸገራላችሁ።

ማረፊያችን ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ ገስት ሃውስ ነበር። ስሙን አልጠቅስም። ፎቶው ላይ ሊፍት አለው፣ ሊፍቱም በእርግጥ አለ፣ አይሰራም እንጂ። "ዛሬ ማታ ይሰራል" አሉኝ። አራቱንም ቀን "ዛሬ ማታ" ነበር። ክፍላችን አራተኛ ፎቅ። ታች ቀይሩን ስል ታች ያለው ተይዟል። በሁለተኛው ቀን እማዬ ራሷ ወርዳ ጽዳት ከምትሰራዋ ልጅ ጋር በወሎ ወሬ ተግባቡ፣ ልጅቷ የሐይቅ ልጅ ሆና ተገኘች፣ እና በአንድ ሰዓት ውስጥ አንደኛ ፎቅ ክፍል ተገኘ። እኔ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ተጨቃጭቄ ያላገኘሁትን።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተቴ። ገና ሲያትል እያለሁ አንድ አስጎብኚ ድርጅት በቴሌግራም አነጋግሬ የአንድ ቀን "ሲቲ ቱር" ከፍዬ ነበር። ስድስት ቦታ በአንድ ቀን። መልዕክቱ "ነገ 8:00 ሰዓት እንወስድዎታለን" ይላል። እኔ ደግሞ ሀገሬ ገብቻለሁ ብዬ፣ ስምንት ሰዓት ማለት ከምሳ በኋላ ነው ብዬ፣ እማዬን "ተኝተሽ እደሪ፣ ጠዋት አንቸኩልም" አልኳት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮሃል። ሹፌሩ በር ላይ ቆሟል። ለካ የጻፉልኝ በፈረንጅ ሰዓት ነው! ከውጭ የመጣሁት እኔ በሀበሻ ሰዓት እቆጥራለሁ፣ እዚሁ ያሉት በፈረንጅ ይጽፉልኛል። አንድ ሰዓት ስላስጠበቅናቸው ተጨማሪ ሂሳብ ጠየቁ። ከፈልኩ፣ እማዬ ፊት መጨቃጨቅ ስለማልወድ ነው። እናንተ ግን "ጠዋት ነው ከሰዓት?" ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ።

ከዚያ ሩጫ ሆነ። በየቦታው ሃያ ደቂቃ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። እማዬ ከሚኒባሱ ወርዳ ነጠላዋን አስተካክላ ሳትጨርስ "እንሂድ" ይላል። መሀል ላይ ግን አንድ የባህል ልብስ ሱቅ አስገቡንና እዚያ ማንም አላቻኮለንም፣ ቡና ሁሉ ቀረበልን። እማዬ አንዱን ቀሚስ ጥለቱን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ ዋጋውን ጠየቀች። ሲነግሯት ሳቀች። "በዚህ ብር ደሴ ሦስት አሰፋለሁ" አለች፣ ልጁ ፊት። በነጋታው ሽሮ ሜዳ ሄደን ተመሳሳዩን ስናይ ዋጋው ግማሹም አልደረሰ። በአጭሩ፣ ጥቅሉን አትግዙ። ያን ገንዘብ ለትራንስፖርትና በየቦታው ላሉት አስረጂዎች ብታውሉት ይሻላል።

ትራንስፖርቱ በመተግበሪያ የሚጠሩት ታክሲ ነው። ሰው ሁሉን "ራይድ" ይለዋል እንጂ ፈረስም ያንጎም አለ። ሹፌሮቹ ለእማዬ ያሳዩት ክብር ከጠበቅኩት በላይ ነው። "እማማ ቀስ ይበሉ"፣ "እናቴ ጭንቅላትዎን"፣ በር መክፈት፣ የፊት ወንበር ወደ ኋላ መግፋት። ችግሩ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ያለው ስልክ ነው። ካርታው ላይ ነጥቤ እያበራ ሹፌሩ ደውሎ "የት ጋ ነሽ? ምልክት ንገሪኝ" ይላል። ምን ምልክት አውቃለሁ! አንዱ "ድሮ ዳቦ ቤቱ የነበረበት ጋ ነሽ?" አለኝ። ዳቦ ቤቱ በኮሪደር ልማት ፈርሷል፣ እኔ ሲኖርም አላየሁት፣ ሲፈርስም አላየሁት፣ ምልክትነቱ ግን አሁንም አለ። መፍትሔው ስልኩን አጠገብ ላለው ዘበኛ ወይም ሊስትሮ መስጠት ነው። በአስር ሰከንድ ይግባባሉ።

ኮሪደሩን ካነሳሁ፣ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ለእማዬ ጉልበት እውነትም ተመችቷታል። ሰፊ ነው፣ ጉድጓድ የለውም፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ማታም መብራት አለ። ፒያሳ አንዱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው እማዬ "እዚህ የነበሩት ሰዎች የት ሄዱ?" ያለችው። አጠገባችን የነበሩት ሰውዬ ቀና ብለው አዩንና "ሩቅ" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ብሔራዊ ሙዚየም በራሳችን ጊዜ እንደገና ሄድን፣ በቱሩ ቀን ምንም ስላላየን። ድንቅነሽን ለማየት ወደ ታች በደረጃ ይወረዳል፤ እማዬ መደገፊያውን ይዛ አንድ በአንድ ወረደች። አስረጂው ወጣት አልተቸኮለም። ኅዳር 1967 ሐዳር፣ አፋር ውስጥ እንደተገኘች፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሚሆን፣ የሚታየው ቅጂው እንደሆነ ነገራት። ድንቅነሽ ቁመቷ አንድ ሜትር ከትንሽ ነው። እማዬ የቆመችውን አየቻትና "ሱብሃነላህ፣ ይቺ ህጻን አይደለች እንዴ?" አለች። "አይ እማማ፣ አድጋ የጨረሰች ናት።" "እንግዲያው ጉልበቷስ እንዴት ነበር?" ብላ ጠየቀች፣ ልጁም ሳቁን ዋጥ አድርጎ ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር የሚያሳየው አንዱ ያው የጉልበቷ አጥንት መሆኑን አስረዳት። ከዚያ በኋላ እማዬ ለሁለት ቀን ስለ ድንቅነሽ ጉልበት ስታወራ ነበር።

(መግቢያ ላይ ዋጋው ለሀገር ሰውና ለውጭ ዜጋ ይለያያል፣ ብዙ ቦታ እንዲሁ ነው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ ሳላወጣ ስለመጣሁ አንዱ ቦታ በአሜሪካ ፓስፖርቴ ከፈልኩ። እማዬ "ልጄን ፈረንጅ አደረጓት" እያለች እስከ ማታ ቀለደችብኝ።)

ከዚያ ዳገቱን ወጥቶ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ነው። ከጉዟችን ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ ምረጪ ብባል እሱን እመርጣለሁ። ቤቱ የጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ነው። ደጁ ላይ ጣሊያኖች የሰሩት ጠመዝማዛ ደረጃ አለ፣ ወዴትም አያደርስም፣ ደረጃዎቹ የፋሺስት ዘመን መቁጠሪያ ነበሩ፤ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እማዬ "ይሄኛውን አልወጣም አይደል?" ብላ አረጋገጠች። የውስጡ ደረጃ ግን ይወጣል፣ ሊፍት የለም። በየማረፊያው እየቆምን ወጣን፣ ጠባቂዋ የራሷን ወንበር አምጥታ ሰጠቻት። ስሟን አልጠየቅኩም፣ ግን ከአራቱ ቀን አንደኛ መስተንግዶ ይሄ ነው።

የንጉሡ መኝታ ቤት ላይ ስንደርስ እማዬ ዝም አለች። አልጋውን አየች፣ መታጠቢያ ቤቱን አየች። ከዚያ አስረጂዋን "በስልሳ ስድስት እዚህ ነበር የሚተኙት?" አለቻት። እኔ ገባኝ፣ ልጅቷም ገባት መሰለኝ። በስልሳ ስድስቱ ረሃብ እማዬ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ያየችውን አልፎ አልፎ ነው የምትነግረን። ልጅቷ ቀስ ብላ "አይደለም እናቴ፣ ከታህሳሱ ግርግር በኋላ ይህን ለዩኒቨርሲቲው ሰጥተው እሳቸው ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሄደዋል" አለቻት። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። "አልጋው ትንሽ ነው" አለች። ወርደን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ግማሽ ሰዓት ተቀመጥን፣ ተማሪዎች እያለፉ ሰላም ይሏታል። ጥቅል ቱር ቢሆን ኖሮ ይህ ግማሽ ሰዓት አይኖርም ነበር።

አንድነት ፓርክ ያምራል፣ ግን እግር ይፈልጋል። ውሃና ምቹ ጫማ ያዙ። ጥቁር ጋማ ያላቸውን አንበሶች አየን፤ እማዬ ግን የመጣችው ለምኒልክ ግብር አዳራሽ ነው። ዙሪያውን አየችና "ጥሩ ነው፣ ግን ከእኛ አይጠየፍ አይበልጥም" ብላ ፈረደች። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሰሩትን አዳራሽ ማለቷ ነው። የአድዋ ድል መታሰቢያ ላይም ያው ነገር መጣ። በየካቲት 2016 የተከፈተው ፒያሳ ያለው ትልቁ ሕንጻ ማለት ነው። አስረጂው ስለ ጦሩ ሲናገር እማዬ "የኛ ሚካኤልስ?" ብላ አቋረጠችው፣ እሱም ሳይሰለች ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ ይዘው አድዋ እንደዘመቱ ነገራት። ረካች። እውነቱን ለመናገር እሷ ታውቀው ነበር፣ እሱ ማወቁን ልትፈትን ነው።

እንጦጦ የኔ ውርደት ነው። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ባህር ዳርቻ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ከመኪና ወርጄ ትንሽ እንደተራመድኩ ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ደሴ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ያረጀችው እማዬ ጉልበቷን ረስታ "አብሽሪ ልጄ፣ ተቀመጪ" እያለች እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ምኒልክ በ1882 የነገሡበት እንጦጦ ማርያም ደጅ ላይ ሆነን ከተማውን ወደ ታች አየን። "ብርዱን አልቻሉትም፣ ለዚያ ነው ጣይቱ ወደ ፍልውሃ የወረዱት" ብዬ ያነበብኩትን ስነግራት "ጎበዝ ሴት" አለች።

መርካቶን በዕለተ ሐሙስ አደረግነው፣ ዓርብ አትሞክሩት። የምናውቀው የደሴ ልጅ ቅመም ተራ ሱቅ ስላለው እሱ ነው የመራን። እንዲህ ዓይነት ሰው ከሌላችሁ በዕድሜ ከገፋ ሰው ጋር አትግቡ፤ "ዞር በል! ዞር በል!" እያለ ሸክም የሚያልፈው ለማንም አይራራም። አንዋር መስጊድ ውዱእ አድርጋ ዙህርን ሰገደች። ስትወጣ አጠገቡ ያለውን የራጉኤልን ቤተ ክርስቲያን አይታ "እንደ እኛ ሀገር ጎን ለጎን ናቸው" አለች፣ ከከተማው ሁሉ የወደደችው እሱን ይመስለኛል።

ስለ ሽንት ቤት ባትጠይቁኝም ልንገራችሁ። ፓርኮቹ ላይ ንጹህ ነው። መንገድ ላይ ግን አትመኑ፣ ትልቅ ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ አዝዙ። ሂሳቡን በቴሌብር መክፈል ቀላል ነው፣ ሶፍት ግን የራሳችሁን ያዙ።

አንድ ያላየነው ቦታ ቀርቷል። በመጨረሻው ቀን መስቀል አደባባይ ስናልፍ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየምን አሳየኋትና እንግባ አልኳት። "እሱን አውቀዋለሁ፣ ብር ከፍዬ አላየውም" አለች። ነጻ ነው አልኳት።

"ቢሆንም" አለች።