ሽቦ ወይስ አጣና? ለአጥር ጽጌረዳ የቱ ይሻላል?

ሐረግ ጽጌረዳ እንደ ወይን ራሱ አይጠመጠምም። ካላሰሩት ወይ መሬት ላይ ይተኛል፣ ወይ መንገደኛ ይቧጭራል።

ወጪ፦ ጎንደር ውስጥ አጣና በቀላሉ ይገኛል። የማይዝግ ወፍራም ሽቦ ግን ኪስ ይነካል።

ሥራ፦ አጣና በመዶሻና በሚስማር ያልቃል። ለሽቦ ድንጋይ መብሳት አለ። አጥሩ የጭቃ ከሆነ ይቅርብዎ፣ አይይዝም።

ዕድሜ፦ አጣናን ከሥሩ ምስጥ ይበላዋል፣ የክረምቱ ዝናብም ያበሰብሰዋል። እሾሃም ተክል አቅፎ ድጋፍ መቀየር ደግሞ ምን እንደሚመስል ያስቡት!

አበባ፦ ለእኔ ዋናው ይህ ነው። ቅርንጫፉ ቀጥ ብሎ ከወጣ በአብዛኛው ጫፉ ላይ ብቻ ያብባል። ወደ ጎን ሲያጋድሙት ግን በርዝመቱ ሁሉ ቀንበጥ ያወጣል፣ አበባውም ይበዛል። ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ተራርቀው አግድም የተወጠሩ ሽቦዎች ለዚህ ይመቻሉ። አግድሙን ካበዙት በአጣናም ይሆናል። በየትኛውም ቢሆን ማሰሪያው ልል ይሁን። ድጋፉም ከአጥሩ ትንሽ ፈቀቅ ይበል፤ አየር ያጣ ቅጠል በሽታ አያጣውም።

ተከራይ ከሆኑ አጣና ይበቃል። የራስዎ የድንጋይ አጥር ካለዎት ሽቦ። ቆርቆሮ ከሆነ ፀሐይ ያግለዋልና፣ ሽቦውን ለብቻቸው በቆሙ ምሰሶዎች ላይ ይወጥሩት።