ጉግል አፕስ ስክሪፕት፦ መልስ የሚጠብቀውን እንግዳ የሚያስታውሰኝ

ላሊበላ ውስጥ ሰባት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ለገና የሚመጡ የውጭ እንግዶች መጻፍ የሚጀምሩት ከሐምሌ አንሥቶ ነው፤ ቤዛ ኩሉን ሊሰማ የጓጓ ሰው አልጋውን አስቀድሞ ይይዛል። ባለፈው ዓመት አንዲት ጀርመናዊት ሁለት ክፍል ጠየቀችኝ። እናቷን ይዛ እንደምትመጣ፣ እናቷም ደረጃ መውጣት እንደሚቸግራቸው ሳይቀር ጽፋ ነበር። ስልኬ ላይ ከፍቼ አነበብኩና «ማታ እመልስላታለሁ» ብዬ ተውኩት። አንዴ የተነበበ መልእክት ሌላው እየተደረበበት ወደ ታች ይወርዳል። ያገኘሁት በ19ኛው ቀን ነው። «ሌላ ቦታ ይዘናል» አለችኝ፣ በጨዋ ቃል። ዛሬም ያንገበግበኛል። ደጃፍ ላይ የቆመን እንግዳ «ይግቡ» ሳይሉ ማሳለፍ እኛ ዘንድ ነውር ነው።

ጂሜይል ያልተነበበውን አድምቆ ያሳያል፤ ያልተመለሰውን ብቻ ለይቶ የሚያወጣ የፍለጋ ትእዛዝ ግን የለውም። ደሴ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ በጉግል አፕስ ስክሪፕት (ጂሜይልን የመሳሰሉ የጉግል አገልግሎቶችን በራስ ኮድ ማዘዣ መሣሪያ ነው) ሠላሳ መስመር የማይሞላ ኮድ ጻፈልኝ። «አክስቴ፣ ኮዱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መጨረሻ ላይ የጻፈው ማነው?» አለኝ። ሦስት ቀን ያለፋቸውን የመልእክት ልውውጦች አንድ በአንድ ይከፍትና የመጨረሻውን ላኪ ከእኔ አድራሻ ጋር ያነጻጽራል። እኔ ከሆንኩ ያልፈዋል። እንግዳው ከሆነ «መልስ የሚጠብቅ» የሚል መለያ ይለጥፍበትና ዝርዝሩን ንጋት ላይ ይልክልኛል።

መጀመሪያ ቀን 23 አወጣልኝ። አንዱ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣበት በቅሎ እንዳዘጋጅለት የጠየቀኝ ጣሊያናዊ አዛውንት ነበር። ወዲያው መለስኩለት፤ መጣም።

ከሁሉ የወደድኩት ኮዱ የሚሠራው በጉግል ሰርቨር ላይ መሆኑን ነው። መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሬ ቢዘጋም እርሱ ሥራውን አይተውም። ክፍያም የለውም።

ጉድለት አለው። «አመሰግናለሁ» ብቻ ብሎ የጻፈውንም መልስ እንደሚጠብቅ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ «ያለቀ» የሚል ሌላ መለያ ጨመርንና ያንን እንዲዘል አደረግነው። በስልክ ደውዬ የመለስኩለትን ሰው አያውቅም። የብዙ ዓመት መልእክት በአንድ ጊዜ ከሰጡት ደግሞ ስድስት ደቂቃ ሲሞላው ያቋርጣል፤ ከፋፍሎ መስጠት ይሻላል። ሲጀመር ደብዳቤዎቻችሁን የማንበብ ፈቃድ ይጠይቃል። የማታምኑት ሰው ለጻፈው ኮድ ይህን ፈቃድ ፈጽሞ አትስጡ፤ የእንግዶቻችሁ ፓስፖርት ቅጂ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነው። እኔ ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ እያንዳንዱን መስመር አስነብቤዋለሁ።

ለጀርመናዊቷ ባለፈው ሳምንት ጻፍኩላት። በጓሮ በኩል ያለውን፣ ደረጃ የሌለውን ክፍል ለእናቷ እንደማቆይላቸው ነገርኳት።