«ባለ አንድ ኢንች» ተብሎ የሚሸጠው የኢፔ ጣውላ አንድ ኢንች አይደለም

በሜሪላንድ ቤት ገዝታችሁ በጓሯችሁ የኢፔ ዴክ፣ ማለትም ኢፔ ከሚባለው የደቡብ አሜሪካ ጠንካራ እንጨት የሚነጠፍ የደጅ ወለል፣ ለማሠራት ዋጋ በማጠያየቅ ላይ ያላችሁ ወገኖች፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት በጣውላ ውፍረት የተነሣ የደረሰብኝን እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ባለፈው ዓመት ሁለት ተቋራጮች ዋጋ ሰጡኝ። አንደኛው «5/4»፣ በእንጨት ነጋዴዎች አጠራር «ፋይቭ ኳርተር»፣ ሌላው ደግሞ «1 በ6»፣ ማለትም ውፍረትና ስፋት በኢንች፣ ብለው ጻፉ። የኋለኛው በ2,300 ዶላር ያንስ ስለነበርና አንድ ኢንች፣ ማለትም 25 ሚሊ ሜትር፣ ለዴክ እንደሚበቃ ስለማውቅ ርካሹን መረጥሁ። ሥራው ካለቀ በኋላ የጣውላውን ጫፍ በሜትር ስለካው ግን ያገኘሁት 19 ሚሊ ሜትር ነው። ተቋራጩን ብጠይቀው «በገበያው ባለ አንድ ኢንች የሚባለው ይኸው ነው» አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር በዚህ አልዋሸም። በአሜሪካ የእንጨት ንግድ እነዚህ ቁጥሮች ጣውላው ሳይላግ የነበረውን መጠን የሚጠሩ ስሞች ናቸው፤ «1 በ6» የተባለው ተልጎ ሲያልቅ 3/4 ኢንች ብቻ ይወፍራል፣ ሙሉ አንድ ኢንች ሆኖ የሚመጣው «5/4» የሚባለው ነው። የማልምረው፣ ሁለቱን ዋጋዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ እንደማወዳድር እያየ ዝም ማለቱን ነው።

ስድስት ሚሊ ሜትር ምን ያህል ለውጥ ያመጣል የሚል ይኖራል። ጣውላ ሲረገጥ የሚለመጠው መጠን ከውፍረቱ ኩብ ጋር ስለሚያያዝ፣ የ19 ሚሊ ሜትሩ በአንድ ዓይነት ክብደት ሥር ከ25 ሚሊ ሜትሩ ከሁለት እጥፍ በላይ ይለመጣል። ከሥሩ ያሉት ተሸካሚ እንጨቶች ከመሐል እስከ መሐል በ16 ኢንች ርቀት ቆመው ጣውላው ቀጥ ብሎ ቢያቋርጣቸው ኖሮ ስስነቱን እምብዛም ባላወቅሁት ነበር። እኔ ግን ለውበት ብዬ በሰያፍ እንዲነጠፍ አዝዤ ነበርና፣ በ45 ዲግሪ ሲዞር ጣውላው ያለ ድጋፍ የሚያልፈው ርቀት ከ22 ኢንች በላይ ሆነ። ይህን ማስላት የአናጺው እንጂ የባለቤቱ ሥራ አይመስለኝም።

ኢፔ ውኃ ውስጥ የሚሰምጥ ከባድ እንጨት በመሆኑ ይሰበራል ብዬ አልሠጋሁም። ሆኖም ባለቤቴ አንድ እሑድ እዚያው ላይ ቡና ስታፈላ፣ ልጃችን በሮጠ ቁጥር በረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች እርስ በርስ ይንቃጨሉ ጀመር። ቪቴ እንዳይታይ በጣውላው ጎን በተቦረቦረው ቦይ የሚገቡት መያዣዎችም በዚህ መወዛወዝ መላላት ጀመሩ፤ ቦዩ ራሱ ከስሱ ጣውላ ላይ ብዙ ስለሚወስድ ከበላዩ የቀረው ከንፈር 7 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጣውላ ከተመረጠ ከላይ በስቴይንለስ ቪቴ ማሰሩ ይሻላል፤ አስቀድሞ በትራፓኖ መብሳት ግን ግድ ነው።

ስለ ቀብዱም አንድ ነገር ልጨምር። ሰውየው ኢፔ በዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ሥር ስለገባ ከገበያ ሊጠፋ ነው ብሎ አጣድፎኝ የዋጋውን ግማሽ አስቀድሞ ተቀበለኝ። ኢፔ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 25 ቀን 2024 ጀምሮ ለመጥፋት የተጋለጡ ዕፅዋትንና እንስሳትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ (CITES) ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ መግባቱ እውነት ነው፤ ይህ ግን ላኪው አገር ፈቃድ እንዲሰጥበት የሚያስገድድ እንጂ ንግዱን የሚከለክል አይደለም። በሜሪላንድ ሕግ ደግሞ ቤት አዳሽ ተቋራጭ ውል ሲፈረም ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ በላይ ቀብድ መቀበል አይችልም። ይህን የሰማሁት ከከፈልሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ በውላችሁ ላይ «1 በ6» ወይም «5/4» የሚለው ስም ብቻ አይጻፍ፤ «ከተላገ በኋላ ያለው ውፍረት 1 ኢንች» የሚል ቃልና የተሸካሚዎቹ ርቀት ይግባበት። ጣውላው ሲራገፍ ሦስት አራቱን አንሥታችሁ ለኩ፤ አንዴ ከታሰረ በኋላ የሚሰማችሁ አታገኙም። እኔ አሁን በሌላ አናጺ ከሥር በየመካከሉ ተጨማሪ ተሸካሚ እያስገባሁ ነው፤ ለዚህ የምከፍለውም ከ5/4 ሸሽቼ አተረፍሁት ካልሁት ገንዘብ አልፏል።