ለገጠር ዘመድ የሚሆን ባለ በተን ስልክ ከደሴ ገዛን፣ ስልኩም ሱቁም እንዴት ነው?

ለገጠር ዘመዱ ስልክ ሊገዛ ደሴ ላይ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ግራ የገባው ሰው ካለ ይቺ ለሱ ናት። ስልኳ ባለ በተን፣ ባለ ሁለት ሲም፣ 2ጂ ብቻ የምትሰራ፣ ኤፍኤም ሬዲዮና የእጅ ባትሪ ያላት ቻይና ሰራሽ ቀፎ ናት፣ 2 ሺህ ብር ገደማ። ብራንዷን አልጠራም፣ ወቀሳ ስላለኝ፣ ደሞም እነዚ ስልኮች ሽፋናቸው ይለያይ እንጂ ውስጣቸው ብዙም አይራራቅም። ለበተን ስልክ 2 ሺህ ብር? ምትሉ ካላችሁ እኔም ብያለሁ፣ ግን 2016 ሐምሌ ላይ ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ ቀፎ የሚነካ አልሆነም በቃ።

ስልኳ የሄደችው ለጋምቦ ነው፣ ከአቅስታ ወጣ ብሎ በእግር የሚኬድ ቀበሌ፣ አክስቴ ጋ። አክስቴ ማንበብ አትችልም፣ ቤቷ መብራት አልገባም፣ ኔትወርኩ ቤት ውስጥ አንድ ጭረት ነው፣ ደጅ ሲወጣ ሁለት፣ ከገብስ ክምሩ ኋላ ያለው ጉብታ ላይ ሲወጣ ነው ሙሉ የሚሆነው። ይሄን ቀድሜ የምነግራችሁ ደሴ ላይ ሆኖ የተሞከረ ስልክ እዛ ሲደርስ ሌላ ስልክ ስለሚሆን ነው። ካሜራዋ ምናምን አትጠይቁኝ፣ ካሜራ አላት፣ ማንም አልነካውም።

ባትሪው። ካርቶኑ ላይ 2500 ሚሊ አምፒር ሰአት ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፣ አትመኑት። ከኋላ ከፍታችሁ ስታዩት ያው የድሮው የኖኪያ ቢኤል 5ሲ መጠን ያለው ባትሪ ነው፣ እሱ ደሞ ኦሪጅናሉ ራሱ 1000 አካባቢ ነው ሚይዘው። እኔ ጋ ደሴ ሲም አስገብቼ ስሞክራት ሳምንት ገደማ ቆየችልኝ፣ ማሻአላህ አልኩ። አክስቴ ጋ ስትሄድ የዛን ግማሽ አልሞላችም። ነገሩ የስልኳ ጥፋት ብቻ አይደለም፣ ስልክ ታወር አጠገብ ሲሆን ታወሩ ራሱ ድምጽህን ቀንስ ስለሚለው ትንሽ ጉልበት ነው ሚያወጣው፣ ሲርቅ ግን ገደል ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጮሃል፣ በ900 ሜጋኸርዙ ኔትወርክ እስከ 2 ዋት ድረስ። በዛ ላይ ኔትወርክ ጥፍት ብልጭ በሚልበት ቦታ ቁጭ ብሎም ሲፈልግ ነው ሚውለው። የ2ጂ ታወር ደሞ እንደወትሮው ቢበዛ ቢበዛ 35 ኪሎ ሜትር ነው ሚደርሰው፣ ያውም ሜዳ ከሆነ፣ ወሎ ውስጥ ሜዳ የት አለ? አንድ ጋራ መሀል ከገባ አለቀ። የለጋምቦ ብርድ ደሞ አለ፣ የስልክ ባትሪ ብርድ አይወድም፣ ማታ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስልክ ጠዋት ደክሞ ይገኛል። አክስቴ ማንም ሳይነግራት መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ነው ምትተኛው፣ ሰው እንዳይወስድባት ብላ ነው፣ ለባትሪውም የተሻለው እሱ ነው።

ባትሪው ቢኤል 5ሲ መሆኑ ግን አንድ ደግ ነገር አለው። የትም ገበያ ይገኛል፣ ሬዲዮ ውስጥ አለ፣ ትንንሾቹ ስፒከሮች ውስጥ አለ፣ ሲሞት ቀፎውን መጣል የለም። ኖኪያ 1100 እ.ኤ.አ በ2003 ስትወጣ ሆን ተብሎ እንደኛ ላለ አገር ነበር የተሰራችው፣ አቧራ የማያስገባ በተን፣ እርጥብ እጅ ላይ የማያንሸራትት ጎን፣ ከላይ የምትበራ መብራት፣ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጠች። ዛሬ ደሴ ሱቅ ውስጥ ያሉት በተን ስልኮች አብዛኞቹ የሷን ሀሳብ ይዘው የመጡ ናቸው፣ ጥንካሬዋን ግን ይዘው አልመጡም።

ለምሳሌ መብራቱ። አክስቴን ብትጠይቋት ይቺ እቃ መጀመሪያ የእጅ ባትሪ ናት፣ ስልክነቷ በኋላ ነው። ማታ ከብት ለማየት፣ ለሱብሂ ስትነሳ፣ ጓዳ እህል ለመስፈር። ታዲያ የመብራቱ በተን ጎን ላይ ነው ያደረጉት፣ ቁልፉን ሎክ ብታደርጉትም እሱ አይቆለፍም፣ መቀነት ውስጥ ሲጨመቅ ይበራል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሆዷ ላይ ሲበራ ያድርና ጠዋት ስልኩ ሞቷል። ይሄን የሰራ ሰው መቀነት አይቶ አያውቅም። ማይኳ ደሞ ቀዳዳዋ ሰፊ ስለሆነ ዱቄትና አመድ ይገባባታል፣ እየቆየ ድምጿ የታፈነ ሆኗል፣ በመርፌ አትነካኩት፣ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጠረግ ጠረግ ማድረግ ይሻላል። ስፒከሯ ግን ጉድ ነው፣ አክስቴ ስታወራ ሰፈሩ በሙሉ ነው ሚሰማው፣ ሚስጥር ያለበት ሰው አይግዛት።

ሁለት ሲም መያዟን መጀመሪያ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር። እዛ ግን ሲም ኖሮት ቀፎ የሌለው ሰው ብዙ ነው። ጎረቤት ሲሙን በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ይመጣል፣ ሁለተኛው ቦታ ላይ ይገባለታል፣ ጉብታው ላይ ወጥቶ ጅዳ ካለች ልጁ ጋ ያወራል፣ አውጥቶ ጠቅልሎ ይሄዳል። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ በ1997 ግራሚን የሚባሉት ይሄንኑ ስራ አድርገውት ነበር፣ የገጠር ሴት በብድር አንድ ስልክ ትይዝና ለመንደሩ በደቂቃ ታከራያለች፣ ከዛ ትበላለች ብድሯንም ትከፍላለች። አክስቴ አታስከፍልም፣ ግን ማንም ባዶ እጁን አይመጣም፣ ቡናም ቢሆን ይዞ ይመጣል። ሲም ይሄን ያህል ሚሊዮን ተሸጠ ሲባል የምሰማው ቁጥር ላይ እምነት የለኝም ከዚ የተነሳ፣ ሲሙ አለ፣ ሰውየውም አለ፣ ስልኩ ነው የሌለው።

አሁን ወደ ሱቁ፣ ዋናው እሱ ነውና። ደሴ መናኸሪያው አካባቢ ካሉት ጠባብ ሞባይል ቤቶች አንዷ ናት፣ በር ላይ ሽፋንና ቻርጀር የተንጠለጠለባት፣ ከሌሎቹ በምንም አትለይም፣ እህትና ወንድም ናቸው ሚሰሩባት። አክስቴ ለህክምና መጥታ ስለነበር ይዣት ገባሁ። ሌላ ቦታ ቢሆን ካርቶን ያወጡልህና ሙሉ ስልክ ነው ሬዲዮ አለው ብለው ብር ይቀበሉሃል። ልጅቷ ግን እኔን ትታ አክስቴን ነው ያናገረችው፣ ቁጥር ይለያሉ? ማን ማን ጋ ነው ሚደውሉት? አለቻት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ምትሰራው ልጇ፣ እኔ፣ አቅስታ ያለው ወንድሟ፣ ሌላ የለም። ልጅቷ ሶስቱን 2፣ 3 እና 4 ላይ በረጅሙ ሲጫኑ እንዲደውል አድርጋ ሞላቻቸው፣ ከዛ ከመሳቢያ ኩቴክስ አወጣች። 2 ላይ ቀይ ነጥብ፣ 3 ላይ ነጭ፣ 4 ላይ ወርቃማ። አክስቴ ደንገጥ ብላ "አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ውዱእ ያበላሻል" አለች። "ስልኩ አይሰግድም እማዬ፣ እርሶ ጥፍርዎ ላይ እስካላደረጉት አብሽሩ" አለቻት፣ ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ ሳቀ።

ከዛ ብር ከመቀበሏ በፊት አክስቴን ውጭ አስወጥታ ብቻዋን እንድትደውል አደረገቻት። "ቀይዋን ይዘው ይቆዩ፣ ጢር እስኪል አይልቀቁ።" መጀመሪያ ቶሎ ለቀቀችው፣ ደገመችው፣ ከዛ የልጇ ድምጽ ሲመጣ ስልኩን እንደያዘች ወደኔ ዞራ አየችኝ፣ ማናገሩን ረሳችው። ማንሳትና መዝጋት ካስለመደቻት በኋላ ነው የተከፈለችው። ለዚ ሁሉ ተጨማሪ አልጠየቀችም።

ሌላ ያደረገችው ነገር እኔ ራሴ የማላውቀው ነበር። እነዚ ስልኮች መሀላቸው ላይ ያለው በተን ሲነካ ኢንተርኔት ይከፍታል፣ ፓኬጅ የሌለው ሰው ሳያውቀው የሞላው ካርድ እዛው ያልቃል፣ ገጠር ያለ ሰው ደሞ ብሬን በሉት ብሎ ሲምን ነው ሚረግመው። የኢንተርኔት ሴቲንጉን አጠፋችው፣ በቃ ቢነካም አይከፍትም። በሜሴጅ እየመጡ በየቀኑ ብር የሚቆርጡት አገልግሎቶች ላይም እንዴት ማቆም እንደሚላክ አሳየችኝ፣ አክስቴ ጋ ስሄድ እያየሁ እንዳጠፋላት። ባትሪው ስር ደሞ የኔን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ለጠፈች፣ ስልኩ ቢወድቅ ያገኘ ሰው እንዲደውል።

ቴሌብርን በተመለከተ፣ 2013 ግንቦት ላይ ሲጀመር ለስማርት ስልክ ብቻ የመሰለው ሰው ብዙ ነው፣ *127# ብሎ በበተን ስልክ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል። የልጇ ብር ከኮምቦልቻ የሚመጣው በሱ ነው፣ ድሮ በሾፌር ወይ ወደ አገር በሚሄድ ሰው እጅ ነበር፣ ደርሶም ሳይደርስም። ኬንያዎች በኤምፔሳ እ.ኤ.አ ከ2007 ጀምሮ የለመዱት ነገር ነው። ግን ሜኑው ጽሁፍ ነው፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ሚስጥር ቁጥሩን ለሌላ ሰው ከመስጠት ውጪ ብዙ መንገድ የለውም፣ እዚ ላይ ነው እኔ ምፈራው። ሱቋ ያደረገችው ቁጥሩን በጣት መንገድ ማስለመድ ነው፣ ከላይ ወደ ታች ከዛ ወደ ጎን እያለች፣ አክስቴ ሚስጥር ቁጥሩን ራሷ ታስገባለች፣ የቀረውን አቅስታ ያለው ወንድሟ ያነብላታል። ሙሉ መፍትሄ አይደለም። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ሲሙን በራሷ መታወቂያ አስወጡላት፣ በናንተ ስም ከወጣ ሲም ሲጠፋም ብር ሲወጣም እናንተን ነው ሚፈልጉት፣ ገጠርና ደሴ ስትመላለሱ ትኖራላችሁ።

ድምጽ መስማት ለሚበቃው ሰው ግን 8028 አለ፣ 2006 ላይ ለገበሬ ተብሎ የተከፈተው ነጻ መስመር፣ ቁጥር እየተጫኑ ስለ ማዳበሪያ ስለ ዘርና ስለ በሽታ የሚነግር። ማንበብ አይጠይቅም፣ ካርድም አይበላም። የአክስቴ ጎረቤት ስለ ገብስ ዋግ የሰማው በዚቹ ስልክ ነው፣ በስፒከር ከፍቶ፣ አስር ሰው ከቦት።

የሱቁ ጉድለት ደሞ አለ። ደረሰኝ የለም። ዋራንቲ አለው ይሏችኋል፣ የቃል ነው፣ ካርቶኑ ከተቀደደ ደሞ እሱም የለም። የመብራቱን በተን ችግር ሄጄ ስነግራቸው ወንድምየው ሁሉም እንደዛ ነው አለኝ፣ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሲሸጡልኝ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት። ትርፍ ባትሪ እነሱ ጋ አትግዙ፣ ኮፒ ነው፣ የኛው አብጦ ክዳኑን አላስገጥም ብሏል። ለገጠር ሰው እየሸጡ ሶላር አለመያዛቸውም ይገርመኛል፣ ያለ ሶላር እኮ ስልኩ ግማሽ ነው፣ አክስቴ ቻርጅ ምታደርገው ሶላር ያለው ጎረቤት ጋ ወይ የገበያ ቀን አቅስታ ከፍላ ነው፣ ገበያ ካልሄደች ስልኩ ዝግ ነው፣ እኛ ደሴ ሆነን ደህና አይደለችም ብለን እንጨነቃለን። ብር ካላችሁ ከሌላ ሱቅ ባለ ዩኤስቢ ትንሽ የሶላር መብራት ጨምሩበት፣ የቻርጀሩ አፍ ከስልኩ ጋ መግጠሙን እዛው ሰክታችሁ እዩ።

ቲክቶክ ፌስቡክ ለሚፈልግ ወጣት ይቺ ስልክ አትሆንም፣ ርካሽ ታች ስልክ ይግዛ፣ መብራት ካለው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለስልኳ ከ10 6፣ ሁለቱ ነጥብ የመብራቱና የውሸቱ 2500 ነው፣ ሁለቱ የማይኳ። ለሱቋ 9፣ አንዷን የቆረጥኩት ለባትሪዋ ነው። አቅስታ ታወር ከቆመ ቆይቷል፣ ኔትወርክ ደርሷል ተብሎም ተነግሯል፣ አክስቴ ጋ የደረሰው ግን ያቺ ልጅ 2 ቁጥር ላይ ቀይ የቀባች ቀን ነው።

ምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ የገጠር መኪና ከመውጣቱ በፊት ባለው ሰአት ጥድፊያ ስለሆነ ማንንም አያስተምሩም። አርብ ከስድስት ሰአት በኋላ ለጁምዓ ይዘጋሉ፣ ዘጠኝ ሰአት አካባቢ ይከፍታሉ። ልጅቷ ከሌለች ወንድምየውም ቁጥር ይሞላላችኋል፣ ኩቴክስ ግን ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱ እኔ ምን አገባኝ ነው ሚለው።