ላፕቶፔ ሲነዝረኝ የሄድኩባት የደብረ ማርቆሷ ጥገና ቤት

ላፕቶፔ ቻርጅ ላይ ሲሆን እጄን ይነዝረኝ ጀመር። ብረቱን በጣት ዳበስ ስታደርገው ልክ ቫይብሬት እንደሚያደርግ ስልክ ዝዝዝ ይላል። ቻርጀሩ ሲነቀል ጭጭ። መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት ገና ሳይከፍተው "ማዘርቦርዱ ነው፣ ተወው እዚህ" አለኝ። እግሬ አውጪኝ!

ሁለተኛዋ ጠባብ ቤት ናት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ልጁ ላፕቶፑን አልፈታም። ቴስተሩን ብረቱ ላይ ሲያስነካው መብራቷ በራች፣ ከዚያ ባለ ሁለት እግሩን ገመድ አውጥቶ ባለ ሦስት እግር ሰካና ድጋሚ ሲነካው ጠፋች። ቻርጀሩ ውስጥ የኮረንቲ ረብሻ የሚያጣራ ካፓሲተር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ ከ220 ቮልቱ በጣም ትንሽ ኮረንቲ ያሳልፋል፤ ኧርዝ (በሦስተኛው እግር በኩል ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) ካላገኘ መውጫው ያንተ እጅ ነው አለኝ። ደህና ቻርጀር ከሆነ አይጎዳም። ፎርጅድ ከሆነ ወይም ጠንከር አድርጎ ከመታህ ግን ወዲያው ጣለው።

የገመዱን ብቻ አስከፈለኝ። ወረፋው ነው ያማረረኝ፣ በገበያ ቀን አትሞክሩት።

ቤት ስመለስ ደግሞ ነዘረኝ! ለካ የተከራየሁት ቤት ሶኬት ሦስተኛው ቀዳዳ ለይምሰል ነው፣ ሽቦ የለውም። ስደውልለት "እሱን ለአከራይህ ንገር" ብሎ እየሳቀ ዘጋው።